የሚያነበውና የሚያያይዘው

ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤቱ «ማዕድዎ ሰላም አድሯል» ይለኛል። ድምፁ የሴት ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ማንም የማይናገረው፣ እያንዳንዱን ቃል እኩል የሚረግጥ አማርኛ። ያፌት በሕይወት ሳለ «ማዕዳችሁ ሰላም አድሯል» ይል ነበር። እሱም አልጋው ላይ እንዳለ «እግዜር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ብሎ ይመልስለታል። ለሽንት ቤት ሰላምታ የሚመልስ ባል እንዳለኝ ለመምህራን ጓደኞቼ ሳጫውታቸው የአብዛኞቹ ባሎችም እንደዚያው እንደሆኑ ሰማሁ።

ከሰላምታው በኋላ ከመስታወቱ ሥር ካለችው ቀዳዳ ጠብታዬ ትወርዳለች። በምላሴ እቀበላታለሁ። ትመራለች። ከዚያ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ ቁርሴን እሠራለሁ። ለአንድ ሰው ቁርስ መሥራት ከሁሉ የከበደኝ ነገር አይደለም፤ ግን እንቁላል ስሰብር እጄ ከአንድ በላይ ያነሳል፤ አንዱን መልሼ አስቀምጣለሁ።

ጠብታዋ የተቀመመችው ለእኔና ለያፌት አሜባ ብቻ ነው። የአንዱ ቤት ጠብታ ለሌላው ቤት አይሠራም። ልጆች ሳለን አሜባ ማለት ሆዱን የቆረጠው ሰው ሁሉ ሐኪም ሳይጠይቅ ለራሱ የሚሰጠው ስም ነበር፤ ፋርማሲ ተሂዶ ኪኒን ይገዛል፣ ይዋጣል፣ ይረሳል። ኪኒኑ መሥራት ካቆመ ወዲህ ግን መግደሉ ቀርቶ ማብረድ መጣ። የራሱ አሜባ የሌለው ሆድ የውሃውንና የመንገዱን አሜባ ይጠራል፤ የመንገዱ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ ሁሉም ቤት የራሱን አሜባ አብርዶ ይዞ ይኖራል። ከአንድ ሳህን የሚበሉ ሰዎች አንድ ማዕድ ይባላሉ። አንድ አሜባና አንድ ጠብታ አላቸው።

ከሌላ ማዕድ ሰው ጋር ከአንድ ሳህን አይበላም። ሕጉ ከወጣ ብዙ ዓመት ስለሆነው አሁን ሕግ መሆኑን የሚያስታውስ የለም፤ ነውር ሆኗል። ሰው ጥየቃ ሲሄድ ሳህኑን በቦርሳው ይዞ ይሄዳል። ሠርግ ቤት ወጥ የሚጨለፈው ከከፍታ፣ ጭልፋው ሳህኑን ሳይነካ ነው፤ ጥሩ ጨላፊ የሚባለው ልብስ ላይ የማያፈናጥቅ ነው። ሚዜ ሙሽራ አያጎርስም። ያፌት ያረፈ ጊዜ የእድራችን ሴቶች እዝን ይዘው መጡ፤ ምግቡ በየማዕዱ ታሽጎ፣ የእኔ ለብቻው ተለይቶ። ልጅ ሆኜ እናቴ የሞተች ጊዜ ሴቶቹ አፌን ፈልቅቀው ነበር ያጎረሱኝ። አሁን ዙሪያዬን ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ብዪ እንጂ፣ ቅመሺ እንጂ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ማክዳ ሳታስበው ጠቅልላ እጇን ብድግ ስታደርግ አየኋት። የጠቀለለችውን መልሳ ራሷ ጎረሰችው፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ከዚያ ቀን የቀረልኝ እሱ ነው።

የሁለት ሰው ማዕድ፣ አንዱ ሲሞት፣ እስከ ሙት ዓመቱ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሰው መወሰን አለበት።

*

ሲስተር ሐያት የሰፈራችን የከዚራ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ያፌትን ያስታመመችው እሷ ነች። ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል። ስትናገር አፏን በሻሿ ጫፍ የመሸፈን ልማድ አላት፤ ፈገግታዋን የምትደብቅ ይመስላል፤ አንዳንዴም ትደብቃለች።

«ወይዘሮ ሶሊያና፣ ሙት ዓመቱ ደረሰ እኮ» አለችኝ። «ልጅዎ ኤዶም ደውላልኛለች። ምን ልበላት?»

«እናትሽ እያሰበች ነው በያት።»

«እሱንማ ባለፈውም አልኳት። ጊዜ ወስዳ ነው የምታስበው አለችኝ።»

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የእኛ አሜባ ከሆዴ ታጥቦ ይወጣል፤ ከኤዶም ማዕድ እገባለሁ፤ ከእሷ፣ ከባሏ ከገመቹና ከልጃቸው ጋር ከአንድ ሳህን እበላለሁ። ሁለተኛው የብቻ ማዕድ ነው። የራሴን ይዤ እስክሞት እኖራለሁ፤ እኔ ከማንም ሳህን አልበላም፣ ከእኔም ሳህን ማንም አይበላም። የብቻ ማዕድ ያላቸው ሰዎች ከዚራ ውስጥ አሉ። ገበያ ላይ ትንንሽ ድስት ሲያገላብጡ ይታወቃሉ።

«የብቻውን ከመረጡ መብትዎ ነው» አለች ሐያት። «ብቻ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እርስዎ ከልጅ ልጅዎ ጋር መብላት የሚጠሉ ሰው አይደሉም።»

መልሴን ሳትጠብቅ መጋረጃውን ስባ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

«የናንተን አይተውት ያውቃሉ?»

አላውቅም። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ነገር አንድ ቀን አሳዩኝ ብዬ አላውቅም።

ስክሪኑ ላይ የታየው አሜባው አልነበረም። አሜባው ውስጥ ካሉት እልፍ ራይቦዞሞች አንዷ ነበረች፤ ተጎንጉኖ የተቋጠረ ክር የመሰለች፣ ሁለት ክፍል ያላት። ትንሹ ክፍል ትልቁ ላይ እንደ ቆብ ተደፍቷል።

«አሜባው የሚሠራው ነገር ሁሉ እዚህ ነው የሚሠራው» አለች ሐያት። «ትንሹ ክፍል የታዘዘውን ያነባል። ትልቁ በተነበበው መሠረት አንዱን ከአንዱ ያያይዛል። ጠብታዎ መሐላቸው ገብታ ነው የምታዘገያቸው። ስለዚህ ነው ለያንዳንዱ ማዕድ ለብቻ የምንቀምመው፤ የሁሉም ቤት ትንሽ ትንሽ ይለያያል።»

«የእኛስ?»

«የእናንተማ በጣም ነው የሚለየው። ትንሹ ክፍል የእርስዎ ነው፤ የእናትዎ ቤት ነው። ትልቁ የአቶ ያፌት ነው፤ መጋላ ካደጉበት ቤት። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው እንዲህ የገጠሙበት ማዕድ በዚህ ከተማ ሌላ አላየሁም።»

ጠጋ ብዬ አየሁት።

«የሚያነበው እኔ ነኝ?»

«የሚያነበው እርስዎ። የሚያያይዘው እሳቸው።»

«ልክ ነው» አልኳት። «ቤትም እንደዚያ ነበር።»

ያፌት የተሰበረ ነገር መጣል አይሆንለትም ነበር። የወንበር እግር፣ የጃንጥላ እጀታ፣ የመነጽሬን ክንፍ ሁሉ በሽቦ ያያይዘዋል። በሽቦ የታሰረ መነጽር አድርጌ ክፍል እገባለሁ። ተማሪዎቼ ባሌ ኤሌክትሪሻን ይመስላቸው ነበር። ካርታ ሠሪ ነበር።

እንዴት እንደገጠመ ለሐያት አልነገርኳትም፤ ማወቁን ግን አውቀው ነበር። የተጋባነው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነው። ማንም ሳያጥበን፣ ማንም ሳያነበን፣ ከአንድ ሳህን በላን። በሠርጋችን ሳምንት ሁለታችንም ታመምን። የጫጉላችንን ጊዜ ያሳለፍነው በሽንት ቤቱ በር ግራና ቀኝ ተቀምጠን ነው፤ አንዳችን ውስጥ፣ አንዳችን ውጭ ተራ እየጠበቅን። ያኔ ኪኒኑ ጥቂት ጥቂት ይሠራ ስለነበር ተረፍን። «ሶሊ፣ አገባሽ ዘንድ ማን አስገደደኝ?» ይለኛል ከበሩ ወዲያ። «አጎትህ» እለዋለሁ። በሩን በጣቱ አንኳኩቶ «ጨረስሽ?» ይላል። እየተኮማተርን እንስቃለን። ከዚያ ሕመም ውስጥ ነው የሁለታችን አሜባ አንድ ሆኖ የወጣው። በኋላ ሕጉ ሲመጣ የጤና ጣቢያው ሰዎች መረመሩን፤ እርስ በርስ ተያዩና አንድ ማዕድ ብለው መዘገቡን።

ሐያት ስክሪኑን አጠፋችው።

«እሺ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አሁን ለምን እንደሆነ ገባኝ።»

*

እሑድ እሑድ ሳህኔን ይዤ ሳቢያን እሄዳለሁ፤ ኤዶም ቤት። የእኔ ጠረጴዛ ትንሽ ናት፤ ከእነሱ ትሪ አንድ ክንድ ፈቀቅ ተደርጋ ትቀመጣለች። ኤዶም አበባ ያለበት ጨርቅ ታለብስልኛለች። ጨርቁ ከሳምንት ሳምንት ይለወጣል፤ ርቀቱ ግን ያው ነው።

«እማማ እኛ ቤት ሆቴል እንዳረፈ እንግዳ ነው የሚበሉት» አለ ገመቹ። አማቼ የድሬ ልጅ ነው፤ ቀልድ ካልጀመረ እንጀራ አይቆርስም። «አስተናጋጅ ልጥራልዎት? ጥሩ ልጅ ነው፤ ትንሽ ይረሳል እንጂ።»

«አስተናጋጁ አንተ ከሆንክ ሌላ ሆቴል ብሄድ ይሻለኛል።»

«አቦ እማማ፣ ሳቢያን ውስጥ ከዚህ የተሻለ የለም።»

የልጅ ልጄ ዘነበች በእነሱ ትሪና በእኔ ጠረጴዛ መሐል ተቀምጣለች። በእኛ ጊዜ ሶሊያናና ያፌት የሕፃን ስም ነበር፤ ዘነበች ደግሞ የአሮጊት። አሁን ተገላብጦ እኔ አሮጊቷ ሶሊያና ሆኛለሁ፤ መዋዕለ ሕፃናቱ በዘነበችና በበላይነሽ ተሞልቷል። ዘነበች አሻንጉሊቷን ታጎርሳለች። የአሻንጉሊቷ አፍ ስለማይከፈት ጎመኑ በጉንጯ ላይ ይቀራል።

ስለ ሙት ዓመቱ አውርተን ነበር። ኤዶም ቄሶቹን ማነጋገሯን ነገረችኝ፤ ድንኳን እንደማያስፈልግም። ስለ ሌላው አልጠየቀችኝም። ጠይቃኝ ታውቃለች፤ እያሰብኩ ነው ብያታለሁ። ሁለታችንም ስለ ድንኳን በጣም በዝርዝር ተነጋገርን።

ዘነበች ወደ እኔ መጥታ እንደቆመች ያየሁት መጨረሻ ላይ ነው። እጇን ዘርግታለች። ጉርሻው ትልቅ፣ የተልፈሰፈሰ፣ ከአንድ ወገን ጎመኑ የሚንጠባጠብ ነበር።

«አያቴ፣ አፍ» አለችኝ።

ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ክንዴን ማንሳት፣ ፊቴን ማዞር፣ «በልቻለሁ የኔ እመቤት» ማለት እችል ነበር። ጉርሻ ይዞ አፍ ድረስ የመጣ እጅ መመለስ ግን አልተማርኩም፤ ሕጉ ሲወጣ እኔ አዋቂ ነበርኩ፤ እጅ የመመለስ ነገር ከልጅነት ካልተለመደ አይመጣም። አፌን ከፈትኩ።

«እማዬ፣ ትፊው» አለች ኤዶም።

ዋጥኩት።

ገመቹ ተነሥቶ የዘነበችን እጅ ያዘና ወደ ቧንቧው ወሰዳት። ልጅቷ ከአባቷ እጅ ሥር ሆና ዞር እያለች ታየኝ ነበር፤ የከንፈሯ ጫፍ ወርዷል፤ ለማልቀስ የእኛን ፊት ትጠብቃለች።

«ጣፋጭ ነው» አልኳት። «ማን ነው የሠራው?»

«እማዬ ናት። እኔ ግን ነኝ ያጎረስኩሽ።» ከዚያ ለአባቷ፣ «እሷን ማንም አያጎርሳትም እኮ። ብቻዋን ነው የምትበላው» አለችው።

«አንቺ ልጅ» አለ ገመቹ የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ በሳሙና እያሸ፣ «የአገሩን ሕግ በአንድ ጉርሻ አፈረስሽው።»

ኤዶም አልሳቀችም። የጠረጴዛ ጨርቄን አንሥታ ማጣጠፍ ጀመረች፤ ሳህኔ ገና ላዩ ላይ ነበር።

*

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ሽንት ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ «በማዕድዎ እንግዳ አለ፤ እባክዎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አለኝ፤ በዚያው ድምፅ፣ ቃሉን ሁሉ እኩል እየረገጠ። ጠብታ አልወረደችም። እኔ ግን ከልማዴ የተነሣ ምላሴን አውጥቼ ጥቂት ቆምኩ።

ሐያት አልተቆጣችኝም።

«ማን ነው ያጎረስዎት?»

«ልጅ ነው።»

«ልጅ ነው እንጂ፤ ትልቅ ሰው መች ይደፍራል» አለች። ሻሿን ወደ አፏ ሳበች፤ በዚህ ጊዜ ግን የምትደብቀው ፈገግታ አልነበረም። «እንግዲህ እስከ ሙት ዓመቱ መጠበቅ አንችልም። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ብዙ ሳይቆዩ ይለዋወጣሉ። ከተለዋወጡ ደግሞ የምሰጥዎት ጠብታ የለኝም። እንግዳውን ላውጣው፣ የራስዎን ይዘው ብቻዎን ይብሉ፤ ወይም የራስዎን ላውጣው፣ ከልጅዎ ጋር ይብሉ። ዛሬ መንገር አለብዎት።»

ከሁለት ቀን ጀምሮ ሳስበው የነበረውን ጠየቅኋት።

«ቢለዋወጡስ? የእኛ ትልቁ ክፍል ከእነሱ ትንሹ ጋር ቢገጥም። ስንጋባ እንደሆነው። ያኔ እኮ ገጥሟል።»

እሷም ስታስበው የቆየች ይመስል ቶሎ መለሰችልኝ።

«ያኔ ወጣቶች ነበራችሁ፤ ኪኒኑም ነበር። አሁን ጉበትዎ ላይ ነው የሚወጣው። ወይዘሮ ሶሊያና፣ ምን እንደፈለጉ ይገባኛል። ግን ቢተርፉ እንኳ ማንም ጠብታ ያልቀመመለትን ነገር በሆድዎ ይዘው ነው የሚቀሩት። ያኔ ዘነበችን መቼም አያጎርሷትም። እሷም እርስዎን።»

ይህን ሳትለኝ አውቀው ነበር። ሰው ሲለው ግን ሌላ ነው።

ወደ ውጭ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። አንዲት ፍየል የተጣለ የምሳ ካርቶን ውስጥ አንገቷ ድረስ ገብታ ትልሳለች። ብዙም ሳልቆይ ኤዶም በባጃጅ መጣች፤ ሐያት ደውላላት ይሆናል። አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም ፍየሏን አየን።

«የማንን ማዕድ ይሆን የምትበላው?» አለች።

«ፍየል ማዕድ የላትም።»

«ታድላ።»

«ዘነበችን ተቆጥተሻታል?»

«አሻንጉሊቷን ቀምቻት ነበር። መልሼ ሰጠኋት።» ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ የአባዬ ነገር ነው አይደል?»

«የአሜባ ነገር ነው።»

«እማዬ።»

ያፌት የሚለብሰውን ኮት ሰጥቻለሁ። ጫማውን ሰጥቻለሁ። ካርታዎቹን የፈለገው ሰው ወስዷል። ኤዶም ይህን ሁሉ ስሰጥ አጠገቤ ነበረች፤ እንዲህ በቀላሉ መስጠቴ ሳያስገርማት አልቀረም። ሌላ የያዝኩት ነገር እንዳለኝ አታውቅም ነበር። እኔም ብሆን ሐያት እስክታሳየኝ ድረስ በትክክል አላወቅሁትም፤ የማይሰጥ ነገር እንዳለ ብቻ አውቅ ነበር። በዚህች ምድር ላይ ከእሱ የተገኘና እስካሁን የሚንቀሳቀስ ነገር የትም ሳይሆን እዚሁ፣ ከእንብርቴ በታች ነው። ልጄን ሳልጨምር ማለቴ ነው። እሱን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

«እኔ ሳገባ የታጠብኩ ጊዜ» አለች ኤዶም፣ «አባዬ ነው የወሰደኝ። አንቺ ተማሪዎችሽን ትፈትኚ ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«አልጋው ላይ ከመውጣቴ በፊት አለቀስኩ። ገመቹን እወደዋለሁ፤ ግን የእናንተን ነገር ከውስጤ አውጥቶ መጣል ከበደኝ። አባዬ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው እንጂ እነግርሽ ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«‹አሜባ ነው እኮ ልጄ› አለኝ። ‹ውርስ ከፈለግሽ አፍንጫዬን ወስደሻል። እሱን ማንም ሲስተር አያጥበውም።›»

ሳቅሁ። የያፌት አፍንጫ ትልቅ ነበር፤ ኤዶም በልጅነቷ እየተሾፈባት አድጋለች፤ አሁን ዘነበች ፊት ላይ ገና መነሣት ጀምሯል። ሳቁ ከመጣ በኋላ ማቆሚያ አጣሁለት። ኤዶም ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

«የምትፈልጊውን አድርጊ» አለችኝ። «ሳህንሽን ይዘሽ ብትመጪም ቤትሽ ነው። ጨርቅ እየለወጥኩ አነጥፍልሻለሁ። እኔ የምፈራው ለዘነበች ነው። ስታድግ፣ አያቴ ማለት ፈቀቅ ብላ የምትበላ ሰው ነበረች እንዳትል።»

ፍየሏ ካርቶኑን ጭንቅላቷ ላይ እንዳጠለቀች ወደ በሩ ሄደች። ዘበኛው ተከትሎ አወለቀላት።

ተነሥቼ ገባሁ። ሐያት እጇን እየታጠበች ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ደግሜ እንዳልናገረው ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«የእኛን አውጪው።»

*

እጥበቱ አያምም። ሁለት መድኃኒት ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ። መጀመሪያ ላይ ሐያት «ማየት ይፈልጋሉ? ብዙ ሰው አይፈልግም» አለችኝ። እፈልጋለሁ አልኳት። ያፌትንም እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ።

መብራቱን አጠፋችና ከእኔ የተወሰደውን ከማጉያ መስታወቱ ሥር አድርጋ የመጀመሪያውን መድኃኒት ጨመረችበት። አሜባው እግሩን ሰበሰበ። አካሉ ሁሉ እግር ነበር፤ ሲሰበስበው ክብ ሆነ። ዙሪያውን ቅርፊት አለበሰ። ከዚያ ሐያት ወደ ውስጥ አቀረበችው። ራይቦዞሞቹ፣ በየቦታው ተበትነው ሲሠሩ የነበሩት፣ አንድ በአንድ እየተጠጉ መጡ። ተያያዙ፣ ረድፍ ሠሩ፤ ረድፍ በረድፍ ላይ ተኝቶ ጫፉ የዶለዶመ ዘንግ ሆነ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሆዴ ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ምንም» አለች ሐያት። «ክፉ ቀን ሲመጣባቸው ሥራ ያቆማሉ። ማንበቡም ማያያዙም ይቀራል። እንዲህ ተደርድረው ይቆያሉ።»

«እስከ መቼ?»

«የሚበጃቸው ሆድ እስኪያገኙ።»

«እንደሚያገኙ ያውቃሉ?»

«አያውቁም፤ ብቻ ይጠብቃሉ።»

ስንት ጠዋት እንደዚያ ሆኜ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ አሰብኩ። ሐያት እጇን ሁለተኛው መድኃኒት ላይ አድርጋ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሁለተኛው ቅርፊቱን ያልፋል። ዘንጎቹ ከጫፋቸው ጀምረው መላላት ያዙ፤ ረድፉ ፈታ፣ ፈታ አለ። ትንሹ ክፍል ከትልቁ ተለየ፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ለየብቻ ይታዩ ነበር። ከዚያ አልታዩም።

ሐያት መብራቱን ታበራለች ብዬ ጠበቅሁ። አላበራችም። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና በጨለማው ውስጥ እጄን ይዛ ተቀመጠች። ሌላ ታካሚ በሩን አንኳኩቶ «ሲስተር?» ሲል «ቆይ» አለችው።

ለጥቂት ቀን ጤና ጣቢያው ውስጥ ተኛሁ፤ የተቀቀለ ውሃና አጥሚት እየጠጣሁ። ስወጣ የኤዶምን ማዕድ ጠብታ ትሰጠኝ እንደሆነ ሐያትን ጠየቅኋት።

«ጠብታው ነገ ነው። እጥበቱ እንግዳውንም አመንምኖታል፤ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ከአንድ ሳህን ይብሉ» አለች። «ሌላ መድኃኒት የለውም።»

*

ገመቹ ከአሸዋ ገበያ ፈጢራ ገዝቶ መጣ፤ ትኩስ፣ እንቁላል ያለበት፣ ማር የፈሰሰበት። ወረቀቱ ሳይፈታ ሽታው ቤቱን ሁሉ አወደው። ኤዶም ትሪውን ምንጣፉ መሐል አኖረችው። ዙሪያውን ተቀመጥን፤ እኔና ገመቹ ፊት ለፊት፣ ኤዶም በግራዬ፣ ዘነበች በቀኜ።

ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ ከበላሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እጄ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ ጠፋበት። ከፊቴ ቆረስኩ። ሁሉም ወደ ሌላ ነገር የሚያይ ይመስል ነበር፤ ገመቹ እንኳ አልቀለደም። ሁለተኛውን ስቆርስ ቀለል አለኝ። ዘነበች ማሩ ወደ እሷ እንዲፈስ ትሪውን በጣቷ ታዘነብላለች፤ ኤዶም ትመልሰዋለች።

ከዚያ እጄ የጠርዙን ቆረሰ። የፈጢራ ጠርዝ ደረቅ ነው፤ ማር አይደርስበትም፤ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ያፌት ከመሐሉ ይልቅ እሱን ነበር የሚወደው። ቆረስኩና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ በትሪው ላይ ወደ ፊት ለፊቴ ገፋሁት።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ የኤዶም አፍ ማላመጡን ሲያቆም ነው። የቆረስኩት ጠርዝ ገመቹ ፊት ተቀምጧል። ልመልሰው እጄን ዘረጋሁ።

ገመቹ ቀደመኝ። አንሥቶ አፉ ውስጥ ከተተው።

ሲሰበር ተሰማ። ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ አላመጠው። ማላመጡ ረዘመ። ከዚያ በጎኑ ያለውን ደረቅ ጠርዝ በራሱ እጅ ቆርሶ ደገመው።

«አባዬ፣ አንተ ጠርዝ አትወድም እኮ» አለች ዘነበች።

«ማን ነው ያለሽ?» አላት፤ አፉ ሙሉ ነበር።